የግዝፈት ጠበቃው ዶክተር ኦዲሎን

ሰው ሲሳሳት እየሰማ ዝም ማለት የሚችል ጡረተኛ የፊዚክስ ሊቅ በዓለም ላይ የለም። ቢኖር ኖሮ እኛ ሜራን ውስጥ እናገኘው ነበር። ከተማችን የጄኔቫ ጫፍ ላይ ናት፤ ከሥሯ ያ ትልቁ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ስላለ፣ ዳቦ ቤት ከተሰለፈው ሰው እኩሌታው ወይ የፊዚክስ ሊቅ ነው ወይ የፊዚክስ ሊቅ ያገባ።

የሁሉም አውራ ግን ሊቀ አራሚያን ዶክተር ኦዲሎን ፔሩሹ ናቸው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ በሙቀቱም በብርዱም ያንኑ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት አንድ ጥያቄ ነው፤ የዓለም ጥቃቅን ቅንጣቶች ግዝፈታቸውን፣ ማለትም የቁስ መጠናቸውን፣ ከየት አመጡት? መልሱ ከተገኘ ቆይቷል። እሳቸው ጡረታ የወጡት፣ ሰዉ መልሱን በትክክል መናገሩን ለመቆጣጠር ይመስላል። «ይቅርታ፣ ወዳጄ» ካሉ አለቀልዎ።

እኔ ቤተ ሙከራውን ለጎብኚዎች አስጎበኛለሁ። ዶክተር ኦዲሎን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከቡድኑ መጨረሻ ይከተላሉ። አንድ ቀን ከሎዛን ለመጡ ነርሶች፣ «ሂግስ የሚባለው የማይታይ መስክ እንደ ማር ነው፤ የትም ቦታ ሞልቷል። ቅንጣቶች ሲያልፉበት ይይዛቸዋል፤ ግዝፈት የምንለው እሱን ነው» አልኩ።

ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ይቅርታ፣ ወዳጄ። ማር የሚሄደውን ያቆማል። መስኩ ማንንም አያቆምም። የቆመውን ማስነሳት፣ የሚሄደውንም ማቆም ከባድ እንዲሆን ያደርጋል እንጂ። ማሩን ለቁርስ ይተዉልን።»

ከዚያ በኋላ ነርሶቹ ጥያቄያቸውን ሁሉ ወደ ኋላ እየዞሩ ጠየቁ። በሳምንቱ ማሩን በበረዶ ተካሁት፤ በረዶውን አቀለጡት። በገበያ ግርግር ብተካው ግርግሩንም በተኑት።

መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ የሰማሁትም አለ። ፋርማሲስቷ ክሌሊያ ሚዛን ላይ አቁማቸው፣ «ዶክተር፣ ዘጠና አራት ኪሎ ገብተዋል፤ ቢቀንሱ ይሻላል» አለቻቸው።

«ከዚህ ውስጥ ከመስኩ የመጣው አንድ ኪሎ ቢሆን ነው» አሉ በእርጋታ። «የቀረው በአቶሞቼ እምብርት ውስጥ የታመቀ ጉልበት ነው።»

«እንግዲያው ከጉልበቱ ይቀንሱ።»

ወረፋው ሁሉ በዚያ ቀን መድኃኒት ሳይወስድ ተሻለው።

እሳቸውን የማይሸሽ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው አርማን። በየማለዳው፣ «ኪሎ የግዝፈት መለኪያ ነው፤ ክብደት ሌላ ነው። ጨረቃ ላይ ይኸው ዳቦ ይቀልላል፤ ግዝፈቱ ግን አይነካም» ይሉታል። እሱም ዳቦውን እየጠቀለለ፣ «ጨረቃ ላይ ቅርንጫፍ ስከፍት አማክርዎታለሁ» ይላቸዋል። ከዚያ ዋናው ክርክር ይጀመራል።

ባለፈው ኅዳር አርማን በድንገት ሞተ።

ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነጭ ወይንና የአይብ ኬክ ቀረበ። ሚስቱ ማዳም ዩጌት ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣትም፤ ለሚያጽናናት ሁሉ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ፓስተር ሬይሞን ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ።

«ወንድማችን አርማን ከዚህ ዓለም ክብደት ተላቋል። ከእንግዲህ እንደ ብርሃን ቀላል ነው።»

አጠገቤ ጉሮሮ ተጠረገ። ሹራባቸውን ያዝኩ።

«ዶክተር፣ የዛሬን ይለፉት» አልኩ በሹክሹክታ።

«አይሆንልኝም» አሉና ተነሡ። አዳራሹ ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ፣ ፓስተር። ብርሃን ግዝፈት እንደሌለው እውነት ነው። ግዝፈት የሌለው ነገር ግን መቆም አይችልም። የትም አይረጋም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ኤሌክትሮን ግዝፈት ባይኖረው ከማንም ጎን አይሰፍርም ነበር። ያኔ አቶም የለም፣ ስንዴ የለም፣ ዳቦም የለም።» ሹራባቸውን ወደ ታች ጎተቱ። «አርማን አላለፈም። ቆየ። እዚያው ባንኮኒው ጀርባ፣ እዚያው ከእርስዎ ጎን፣ ማዳም ዩጌት። ስለዚህ፣ ፓስተር፣ ቀላል አይበሉብኝ። በዕድሜዬ ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር።»

ከባድ ሲሉ ሰምቼ ራሳቸውን እስኪያርሙ ጠበቅሁ። አላረሙም።

ማዳም ዩጌት ያን ጊዜ አለቀሰች። ፓስተሩ ሊጠጋት ሲል በእጇ ከለከለችው። ከዚያ መሐረቧን አጥፋ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበች።

«ይቀመጡ፣ ኦዲሎን። ጠዋት ጠዋት ምን ትባባሉ እንደነበር ይንገሩኝ። እኔ ምድጃው ጋ ስለምሆን ከሳቁ በቀር አይሰማኝም ነበር።»

ተቀመጡ። ኬኩ አልቆ ጠረጴዛዎቹ እስኪነሡ አወሩላት። አንዳንዱን የአርማን ንግግር እሷ ታርምላቸዋለች፤ «እሱ እንዲህ አይልም» ትላለች፤ እሳቸውም «ልክ ነዎት» ይላሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በብርዱ ወራት የሜራን ጎዳና ጠዋት ጠዋት ስለሚያንሸራትት፣ አርማን ከሞተ ወዲህ ዶክተር ኦዲሎን እስከ ምሳ ከቤት አይወጡም። የጠዋቱን ጉብኝት ወደ ከሰዓት አዛውሬዋለሁ። ኃላፊዬ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ፣ ለጎብኚዎቹ ይመቻቸዋል አልኳት።