ጋሼ አብዱሰላም ተመልካች ሲፈልጉ

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ፊልሙን አልጻፈም፣ አልተወነበትም፣ ካሜራም አልያዘም፤ ግን ሰው ሁሉ ካላየው የበላው አይስማማውም። መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ሰላምታው ሳያልቅ ስልኩ ከኪሱ ወጥቷል። «ይሄን አይታችኋል?» ይላል። አይተናል ካላችሁ፣ «እስከ መጨረሻው?» እስከ መጨረሻው ካላችሁ፣ «ለማን ላካችሁት?» ከእንዲህ ያለ ሰው መገላገያው ሮጦ ማምለጥ ብቻ ነው፤ እሱም እግራችሁ ከእሱ እግር ከፈጠነ ነው።

እኔ ሸዋ ሮቢት የአማርኛ መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ይህ ማዕረግ የክቡር ጋሼ አብዱሰላም ነበር። ክቡርነታቸው በሰማንያዎቹ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ውስጡ እሳት። በሩ ላይ ቆመው የፊልሙን ግማሽ በድምፅ ማጉያ ይተርኩና ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ሰው ቀሪውን ለማየት ሲል ላብ በላብ ሆኖ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ዲሽ በየቤቱ ሲገባ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። እሳቸውም መናኸሪያው አጠገብ፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑባት ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። ድምፅ ማጉያው ቢቀርም ድምፁ አልቀረም።

በ2007 ዓ.ም. ሦስት ሆነን አንዲት አጭር ድራማ ሠራን። እኔ ጻፍኩ። ፎቶ ቤት ያላት ፍሬሕይወት፣ የሰርግ መቅረጫ ካሜራዋን ይዛ መጣች። መሪ ተዋናይዋ ትርንጎ ነበረች፤ መናኸሪያው ውስጥ በአውቶቡስ መስኮት ማንጎና ፓፓያ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከሞተር በላይ የሚሰማ ሴት። ባሏ ደምሴ ከአራት ዓመት በፊት በወባ ሞቶባታል። ድራማው ስለ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነው፤ የባሏ ወንድም የመስኖ ተራዋን ይነጥቃታል፣ ሽንኩርቷ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ዶማ አንስታ ትቆምበታለች። አትመታውም። ዶማውን ቦዩ ላይ ትሰካና ውሃዋን ወደ ማሳዋ ትለቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ርዕሱን «ተራ» አልኩት፤ በጣም ኮርቼበት ነበር።

ጋሼ አብዱሰላም ርዕሱን ሲሰሙ ጨጓራቸውን የታመሙ መሰሉ።

«መምህር፣ ተራ? ገና ስሙ ሲጠራ ተራ ነገር ነኝ እያለ እኮ ነው! ተራ ነገር ለማየት ማን ዳታውን ያቃጥላል?»

«የውሃ ተራ ለማለት ነው፣ ጋሼ። ሁለት ትርጉም አለው።»

«ሁለት ትርጉም ያለው ነገር አንድ ተመልካች የለውም» አሉና ድራማው ያለበትን ፍላሽ ከእጄ ወሰዱት።

የእኛ ከተማ ኔት ያኔ ለፎቶ እንኳ ያቃስታል። ደብረ ብርሃን ይሻላል ስለተባለ፣ ክቡርነታቸው ፍላሹን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ በቆላ ሸሚዛቸው፣ ብርዳሙን የጣርማ በር ተራራ አልፈው ወጡ። አንድ ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠው ሃያ ደቂቃዋን ድራማ ጫኗት። ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፤ ድምፃቸው ጠፍቷል። «ፊልሙ ወጣ» አሉን በሹክሹክታ። ለአንድ ሳምንት ሸዋ ሮቢት ፀጥ አለች።

በሁለት ሳምንት አርባ አንድ ጊዜ ታየ። ከዚህ ውስጥ እኔ ዘጠኙን፣ ፍሬሕይወት አሥሩን፣ ጋሼ ደግሞ የቀረውን ማየታችንን ኋላ ስንጠያየቅ ደረስንበት።

ድምፃቸው የተመለሰ ዕለት ዘመቻው ተጀመረ። የደሴና የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ፣ ክቡርነታቸው ረዳቱን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ይገባሉ። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች!» ሰው ለታማሚ እርዳታ የሚሰበስቡ መስሎት ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። «ኪሳችሁ ይቀመጥ፤ ዓይናችሁን ነው የምፈልገው!» ስልካቸውን ከፍ አድርገው ዶማው እስኪነሳ ድረስ ያሳዩና ቀጥ ያደርጉታል። ከዚያ የድራማዋን አፈላለግ በእጃቸው የጻፉባትን ቁራጭ ወረቀት ያድላሉ። በሰርግ ያድላሉ፣ በሐዘን ቤት ያድላሉ። ጀውሃ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር አግኝተው፣ ጎማው እስኪለጠፍ ድረስ ሁለት ጊዜ አሳይተውታል። ወረቀቷ እኔ ክፍል ውስጥ፣ ፈተና ወረቀት ውስጥ ተጣጥፋ ተገኝታለች። በእርግጥ ቁጥሩ አደገ፤ ስድስት መቶ ደረሰ። እሳቸው ግን አልረኩም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ስድስት መቶው አሥራ አራት ሺህ ሆኗል። በሳምንቱ አርባ ሺህ ገባ። «ተራ» የሚለው ርዕስ የለም። በቦታው «ባሏን የገደለችው የሸዋ ሮቢት ሴት! ጉዱን እስከ መጨረሻው ተመልከቱ» ይላል፤ ከላዩ ትርንጎ ዶማ አንስታ ዓይኗ ፈጦ ትታያለች፤ ዙሪያዋ በቀይ ተከቧል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ወዲያው እንዲያወርዱት ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። አርባ ሺህ ሰው የጻፍከውን ሲያይልህ ደስ ይላል፤ በጣም ደስ ይላል። «ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም?» አልኳቸው ለይስሙላ። «ርዕስ በር ነው፤ ሰው ከገባ በኋላ ቤቱን ራሱ ያየዋል» አሉኝ። መልሱ ተስማማኝ።

ሰው ግን ቤቱን አላየም፤ ከበሩ ላይ ተመለሰ። አንድ ቀን ትርንጎ የማንጎ ዘንቢሏን ወደ አንድ አውቶቡስ መስኮት ስታነሳ፣ ውስጥ ያለችው ሴት ትኩር ብላ አየቻትና «ያቺ ባሏን የገደለችው አይደለችም እንዴ?» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ከጎኗ ያሉትም ዘጉ። ወሬው ማጀቴ ደረሰ፤ ማጀቴ ደግሞ የደምሴ አገር ነው። እናቱ እትዬ ከበቡሽ፣ ሰው ርዕሱን አንብቦላቸው፣ ለልጃቸው ዳግመኛ ለቅሶ ተቀመጡ ተባለ።

ትርንጎ ወደ ሱቁ ስትመጣ እኔም እዚያ ነበርኩ። አልጮኸችም፤ ያ ድምፅዋ ጭራሽ አልነበረም።

«ጋሼ አብዱሰላም፣ ደምሴን ምን ገደለው?»

«ወባ ነዋ፤ ነፍሱን ይማረው።»

«አንቱ ስልክ ላይ ግን እኔ ነኝ ይላል።»

ጋሼ ስልካቸውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። 

«ሰው እንዲያይልሽ ብዬ እኮ ነው» አሉ።

«አየኝ እኮ። ከእንግዲህ ለማንም አልተውንም» ብላ ዘንቢሏን ተሸክማ ወጣች።

ርዕሱን በዚያው ሰዓት አወረዱት። በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጥተው «ተነስ፣ ማጀቴ እንሄዳለን» አሉኝ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አርባ ሺውን አብረን አይደል የበላነው?»

ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳቸው። መኪና ውስጥ ለማንም «አይታችኋል?» አላሉም። ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍተውት፣ በመስኮት ብቻ ያያሉ።

እትዬ ከበቡሽ በራቸው ላይ ቆመው ተቀበሉን፤ ግቡ አላሉንም። ጋሼ ጎንበስ አሉ። «እናቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልጅቷ አታውቅም። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የመጣሁት፤ ግን ከመፍረድዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ።»

አሮጊቷ በርጩማ አስወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጋሼ ከጎናቸው ተንበርክከው ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያዙ። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን አላወረዱም። ዶማው ሲነሳ እንደ ልማዳቸው ሊያቆሙት ጣታቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ውሃው ወደ ማሳው ሲገባ እትዬ ከበቡሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

«ታዲያ ይቺ ልጅ ምን አጠፋች?» አሉ። «ውሃዋን ነው የጠየቀችው።»

«ምንም አላጠፋችም፣ እናቴ።»

«ደምሴም ቢኖር ከእሷ ጎን ነበር የሚቆመው። በል፣ አሁን የእሷን ስም፣ የአገሯን ስም፣ ያደረገችውንም እንዳለ ጻፍ። ጉድ ምናምን የሚለውን ተወው።»

አዲሱን ርዕስ እዚያው በርጩማው ላይ ሆነን ጻፍነው፤ ስንመለስ ኔት ያገኘንበት ቦታ ላይ ጋሼ ለጠፉት። «ትርንጎ ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ — የውሃ ተራዋን ስትጠይቅ»። እትዬ ከበቡሽ ለትርንጎ ራሳቸው ደወሉላት። ትርንጎ ለእኛ ግን ሰላምታዋን እንኳ ቆጥባ ነበር የምትሰጠን።

ከዚያ በኋላ ድራማዋን የሚያያት ጠፋ። በቀን ሦስት ሰው፣ በቀን አንድ ሰው። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ጋሼ ግን ዘዴ ለወጡ፤ አውቶቡስ መግባቱን ትተው የከተማውን እናቶች ቤት ለቤት ይጠይቁ ጀመር። «ልጅሽ የት ናት? ቤይሩት? እሷ በስልኳ አገሯን ስትፈልግ ምን ብላ ነው የምትጽፈው?» የሰሙትን ሁሉ በደብተር ይመዘግባሉ። ሮቢት የሚል አለ፣ ሸዋሮቢት ብሎ ገጥሞ የሚጽፍ አለ፣ በወረዳው ስም ቀወት የሚል አለ፣ በአካባቢው የጥንት ስም ይፋት የሚል አለ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በአምስት ዓይነት የሚያጣምም አለ። ሁሉንም ከቪዲዮዋ ሥር ደረደሯቸው። «አሁን ሰው ፊልም አይደለም የሚፈልገው፤ አገሩን ነው። እኛ መንገዱ ላይ እንቀመጥለት» አሉኝ። እኔ ሳቅኩባቸው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወር ተኩል አለፈ። አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ሱቃቸው እንድደርስ አስጠሩኝ። ቪዲዮዋ ሥር አንድ ጽሑፍ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ትርንጎ የደምሴ ሚስት? መናኸሪያ አብረን ማንጎ የሸጥን? ዓሊያ ነኝ፣ ጅዳ ነኝ። ስልክሽ ከጠፋብኝ ስምንት ዓመቴ። አርብ አርብ የአገሬን ስም እየጻፍኩ የሚወጣውን ሁሉ አያለሁ። ወላሂ ድምፅሽን በሰማሁ ጊዜ ከእጄ ሳህን ወደቀ። ደምሴስ ደህና ነው?» ከሥሩ ቁጥሯን ጽፋለች።

ትርንጎን ሄጄ የጠራኋት እኔ ነኝ። ከእኛ ጋር ላለመነጋገር ወስና ስለነበር፣ የዓሊያን ስም እስክጠራ ድረስ ዞር ብላም አላየችኝ። ስጠራ ዘንቢሉን መሬት ላይ ተወችው። ሱቅ ገባች፤ ጋሼ በኢሞ ደወሉላትና ስልኩን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ወዲያው ወጥተው በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉ።

መጀመሪያ ጩኸት ተሰማ፤ ያ ከሞተር በላይ የሚሰማው ድምፅ። ከዚያ ፀጥታ። ዓሊያ ስለ ደምሴ እየጠየቀች መሆኑ ገባን።  ቀጥሎ የሁለት ሴቶች ለቅሶ፣ አንዱ ከሱቁ፣ አንዱ ከስልኩ። ጋሼ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። ሚሞሪ ለማስጫን የመጣ ሰው «ነገ ና» ተብሎ ተመለሰ። ብዙ ቆይቶ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ስለ አንድ የማንጎ ነጋዴ የሚያወሩ ይመስላል፤ እያለቀሱ የሚስቁት ዓይነት ሳቅ ነበር።

ፍሬሕይወት ወሬውን ሰምታ ካሜራዋን አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ መቀረጽ አለበት! ይሄን ሚሊዮን ሰው ነው የሚያየው!»

ጋሼ አብዱሰላም በሩ ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ።

«አይሆንም» አሉ። «ይሄንን ማንም አያየውም።»

ፍሬሕይወት ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ሄጄ ከክቡርነታቸው ጎን ቆምኩ፤ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።