ወደኋላ የማትሄደው ፒካፕ

ሰው ራሱ ከፍ ማለት ሲያቅተው መኪናውን ከፍ ያደርጋል። ማንንም ለመንካት አይደለም፤ የምናገረው ስለራሴ ነው። ፒካፕ የሌላችሁ አንባቢዎች ይህ በሽታ አይዛችሁምና እግራችሁን ዘርግታችሁ አንብቡ። ያላችሁ ደግሞ... አብሽሩ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

የኔዋ ፒካፕ ከመካነ ሰላም አቧራ ጋር በጣም ስለተዋደደች፣ ድሮ ነጭ እንደነበረች የምታስታውሰው ባለቤቴ ብርቄ ብቻ ናት። ተስማምተን እንኖር ነበር። አንድ ቀን ግን ከደጎሎ የመጣ የእህል ነጋዴ ከጎማዋ በላይ ሽቅብ የተሰቀለች ፒካፕ ይዞ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመ። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሊያያት ብድግ አለ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ቢሮ ስገባ ስወጣ ማንም ከወንበሩ ፈቀቅ ብሎልኝ አያውቅም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

መኪና እንዴት ከፍ እንደሚደረግ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስፈልግ ነገሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ጋቢናውና የጭነቱ ክፍል ከሥር ባለው የብረት አጽም፣ ሻንሲው ላይ፣ በብሎን ታስረዋል። ብሎኑን ትፈታለህ፣ አካሉን ታነሳለህ፣ መሃል ላይ ድጋፍ ትጨምራለህ፣ መልሰህ ታስራለህ። በቃ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ በገዛ ግቢው፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ በአሥር ደቂቃ ጨረሰ። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ምን እንደደረሰበት ግን አያሳይም።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ወግዲ መምህር ነው። እዚያው አብራው የምታስተምረውን ሰናይትን ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ሁለቱ ጨርሰዋል። የቀሩት አባቷ አቶ ይመር ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከዚህ በፊት ለሌሎች ሁለት ሰዎች የመጡ ሽማግሌዎችን "ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ" እያሉ አመላልሰው አሰናብተዋል። በሚቀጥለው እሑድ የኛ ሽማግሌዎች በኔው ፒካፕ ሊሄዱ ተቆርጧል። ደምሴ ያሰብኩትን ሲሰማ ወዲያው ደወለ።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ ሽምግልናው ይለፍና እንደፈለግህ አድርጋት" አለኝ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እንዲያውም የማስበው ለሱው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፍ ብለው ሲመጡ አቶ ይመር ዝቅ ብለው ይቀበሏቸዋል ብዬ አስልቻለሁ።

ድጋፉን ደሴ ድረስ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ፤ የለም። የሰፈራችን አናጢ ግን ወይራ እያለ ምን አስጨነቀህ ብሎ፣ አራት ጣት ውፍረት ያላቸው የወይራ ጉማጆች ቆርጦ ሰጠኝ። ረዘም ያለ ብሎን ደግሞ የሰፈሩ ብረት በያጅ አዘጋጀልኝ። የቀረው አካሉን ማንሳት ነው። ያለኝ ክሪክ አንድ፣ እሱም ዘይት የሚያፈስ። ይሄኔ ጎረቤቴ የቤት ክዳን ተሸክመን ግድግዳ ላይ የምንጭን ሰዎች የመኪና ክዳን ያቅተናል ወይ ብሎ ጠየቀ። ደቦ ተጠራ።

እኛ አገር ደቦ ከተጠራ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አብሮ የሚያልቀውን ግን ብርቄን ጠይቋት፤ የጠመቀችው ጠላ ገና ብሎኑ ሳይፈታ ተጋመሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ የሚሆን ሰው መኪናዋን ከቦ "ሆ!" ሲል አካሏ ከሻንሲው ላይ ብድግ አለ። ጉማጁን ላስገባ ስጎነበስ ክርክር ተነሳ። አንዱ፣ ይህን ሁሉ ሰው የጠራኸው ለአራት ጣት ነው ወይ ይላል። ሌላው፣ የደጎሎው ነጋዴ እንዲስቅብን ነው ወይ ይላል። አናጢው ለመጠባበቂያ የቆረጠውን ሁለተኛ ዙር አቀበለ። መኪና ተሸክመው የሚከራከሩ ሃያ ሰዎችን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸዋላችሁ? ስምንት ጣት ሆነ። በያጁም እዚያው ብሎን ከብሎን እየቀጠለ በየደልኝ።

ሲያልቅ ራቅ ብለን አየናት። አካሏ ሽቅብ ሄዷል፤ ጎማዋ የድሮው ትንሹ ጎማ ነው። ጭቃ ለመሻገር ሱሪውን የሰበሰበ ሰው መስላለች። ያም ሆኖ ደቦው አጨበጨበ፣ የኔም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሞተር አስነሳሁ። አንደኛ ማርሽ ገባ። ሁለተኛ... እምቢ። አያችሁ፣ የማርሹ ዘንግ የተተከለው ታች ነው። እሱ ባለበት ቀርቶ ወለሉ ብቻ ስምንት ጣት ከፍ ብሏል። ዘንጉን ወደፊት ስገፋው ይገባል፤ ወደኋላ ስስበው የወለሉ ቀዳዳ ጠርዝ ይይዘዋል። ስለዚህ አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ አሉ። ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ የሉም። መፍትሔው ቀዳዳውን ማስፋት ነበር፤ በያጁ ግን ጠላውን ጠጥቶ ለቅሶ ሄዷል። ብርቄ፣ መኪናዋ ወደኋላ ካልሄደች እንዴት ትመለሳላችሁ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሽማግሌ ወደኋላ ምን ይሠራል?" አልኳት። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። በኛ አገር ለትልቅ ጉዳይ ሼህና ቄስ ተነጣጥለው አይሄዱም፤ ሼህ እንድሪስና ቄስ ተገኘ ሁለት ዘመዶቻችንን አስከትለው ከበሩ ደረሱ። ሼህ እንድሪስ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የጋቢናውን በር ሽቅብ አንጋጠው አዩና "ያ ረቢ! ይህ ሰው ሊያሳርገን ነው እንዴ?" አሉ። ብርቄ ሙቀጫዋን አምጥታ ደፋችላቸው፤ እሱን ረግጠው ወጡ። ለመውረድም ስለሚያስፈልግ ሙቀጫው አብሮን ተጫነ። ከኔ በፊት ሙቀጫ ጭኖ ሽምግልና የሄደ ካለ ንገሩኝ።

የወግዲን መንገድ ድንጋይ ታውቁት የለ? ዘንድሮ ከፍ ብያለሁ ብዬ በላዩ ነዳሁ። የሆዷ ብረት እንደድሮው ጓ አለ። ቄስ ተገኘ መኪናዋን ለምን ከፍ እንዳደረግኋት በትሕትና ጠየቁኝ። ለድንጋዩ ነው አልኳቸው። ሦስተኛው ላይ ስንላተም ነው ነገሩ የገባኝ፤ ከፍ ያለው የሚታየው ነው፣ የሚመታው እዚያው ነው ያለው። የማውቃቸው አንዳንድ ሹመቶች ትዝ አሉኝ። አራተኛውን ድንጋይ ዞርኩት።

ደንቡ መኪናን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግር መድረስ ነው። ታዲያ አቶ ይመር ከፍታዋን በምን ያዩልኛል? የግቢያቸው መግቢያ በሁለት የድንጋይ ካብ መሃል ቁልቁል ይወርዳል፤ ስፋቱ ልክ የኔን መኪና ያህል ነው። ገባሁ። ከፊቴ የጭድ ክምር፣ ከጎኔ በረት፤ የመኪናዋ ኋላ መግቢያው ላይ እንዳለ ቆምኩ። መጀመሪያ ሙቀጫው ወረደ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ። የቤቱ ሴቶች ሙቀጫው ከጥሎሹ ይቆጠር አይቆጠር በሹክሹክታ ይመካከሩ ነበር።

ንግግሩ አማረ። ሼህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ቄስ ተገኘ መረቁ፣ የደምሴን ጠባይ እኔ ወንድሙ እንኳ የማላውቀውን ያህል አወደሱት። አቶ ይመር እስከ መጨረሻው አዳመጡና የፈራነውን ተናገሩ።

"ዘመድ ላማክር። ከመኸር በኋላ ተመለሱ።"

ከመኸር በኋላ ማለት፣ የቀድሞዎቹ እንደሚመሰክሩት፣ ተዉት ማለት ነው። ደምሴ በየሩብ ሰዓቱ የሚደውልበት ስልክ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ምን ብዬ ላንሳው? ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሙቀጫውን ረገጡና ወጡ። እኔም ገብቼ መሪዬን ይዤ... ተቀመጥኩ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ ሼህ እንድሪስ።

"ወደኋላ አትሄድም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት።"

ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ እንደገና ወረዱና፣ እኛስ መልስዎን ተቀብለን መሄዳችን ነበር፣ መኪናዋ ግን አልተቀበለችም ብለው ለአቶ ይመር ነገሯቸው። አቶ ይመር አላመኑም። ራሳቸው ሙቀጫውን ረግጠው ገቡና ዘንጉን ሳቡት፤ አልሆነም። ሁላችንም ተሰብስበን ገፋናት፤ አቀበት ነውና ስንዝር ሄዳ ተመለሰች። ይህን ጊዜ ከብቶቹ ከግጦሽ ገብተው፣ መግቢያው ተዘግቶባቸው ከመኪናዋ ኋላ ይጮኹ ጀመር። አንዱ ዘመዳችን ካቡን እናፍርሰው አለ። አቶ ይመር ካቡን በገዛ እጃቸው እንደካቡት ባስተያየታቸው ብቻ አስረዱት።

"ደቦ ካልተጠራ አትወጣም" አሉ በመጨረሻ።

ይህን ሲሉ የሰናይት እናት ከጓዳ ብቅ አሉ። ደቦ ሳይበላና ሳይጠጣ እንደማይበተን ለአቶ ይመር ማስታወስ አላስፈለጋቸውም፤ ያለችኝን ጠላና እንጀራ ሁሉ ለዚህ ብረት ላውጣ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። አቶ ይመር መኪናዋን አዩ፤ ከብቶቹን አዩ፤ ሙቀጫው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ የሚቆጥሩትን ሼህ እንድሪስን አዩ።

"ለመኪና ከምደግስ ለልጄ ብደግስ ይሻላል" አሉ። "ሰጥቻለሁ።"

ደቦው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። ሼህ እንድሪስ ብርዛቸውን ጨብጠው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ በአንድ "ሆ!" መኪናዋ ሽቅብ መንገድ ላይ ወጣች። የደምሴን ስልክ አንስቼ ሰጡ ስለው አለቀሰ። ስንት ቀን ሲለምነኝ አለመስማቴን አስቤ አፈርኩ፤ ደስታውም ደስ አለኝ።

ሙቀጫው ወግዲ ቀርቷል። ብርቄ ለሱም ሽማግሌ ላክ ትለኛለች። በያጁ ከለቅሶው ተመልሶ ቀዳዳውን በግማሽ ቀን አሰፋልሃለሁ ብሎኛል፤ ማክሰኞ ልወስዳት ስል አንድ ጎረቤቴ በር ላይ ያዘኝ። ለልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ መኪናዋን ለእሑድ እንዳውሰው ፈለገ። ስለፍሬኗ አልጠየቀኝም። ስለጎማዋም አልጠየቀኝም።

"የኋላ ማርሿን አላሠራሃትም አይደል?" አለኝ።