ሥጋዬንም ጭምር

ለታመመ ሰው «ይማርህ» እንላለን፤ ለሞተ ሰው ደግሞ «ነፍስ ይማር»። አፋችን ስለለመደው ልዩነቱን ልብ አንለውም። እኔ ግን ሰው ፊት መናገር የማይሆንልኝ፣ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ የምውል ስለሆንኩ ቃላት ማገላበጥ ልማዴ ነው። አስቡት እስቲ፤ የመጀመሪያውን የምንለው ብዙ ጊዜ ባዶ እጃችንን ነው። ሁለተኛውን ስንል ግን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ንፍሮውና የእድሩ ገንዘብ ይከተለናል። አገራችን ለሞተ ሰው እጇ አይታጠፍም። ችግሩ፣ ከመሞት በፊት መታመም አለ።

ዲላ የመጣሁት ከዩኒቨርስቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኬ፣ ለማስተማር ነው። የተከራየሁት ቤት ከአንድ የቡና መጋዘን ጋር አጥር ይጋራል። ጎረቤቴ ማርታ እዚያ መጋዘን ውስጥ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እየለቀመች በቀን ሒሳብ የምትተዳደር ሴት ናት። የቀን ሠራተኛ ሲታመም ምን ይሆናል ብትሉ፣ ቀኑ የሌላ ሰው ይሆናል። ማርታ ሆዷን ይዛ በተኛች ማግስት ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ትለቅም ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አያትና፣ «ይሄ የእኔ መርፌ የሚመልሰው አይደለም፤ ሆስፒታል ሄዳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም» አለ። የሕክምና ዋጋ ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው። ቡና ሲወደድ አብሮ ይወደዳል፤ ቡና ሲረክስ ግን እዚያው እንደተሰቀለ ይቀራል።

እሑድ እድሩ በአባሉ በማርታ ጉዳይ ተሰበሰበ። አከራዬ እትዬ ዘነቡ እኔንም ጎትተው ወሰዱኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሸምሱ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ደንብ ላይ ግን አቡጀዲ እንደሚለኩ ሁሉ ጣት አያተርፉም።

«ደንባችን ለሞተ ነው» አሉ። «ማርታ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሞተችም።»

«እንግዲያ ጥፋቷ እሱ ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

በመጨረሻ፣ ነገሩን ራሷ ትስማው ተብሎ ሁላችንም ወደ ማርታ ቤት ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው ደንቡን በለሰለሰ አንደበት አስረዷት። ማርታ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻቸው።

«ጋሼ፣ የቀብሬን አሁን ስጡኝ» አለች። «ስሞት በኮባ ቅጠል ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ። ቅር ቢለኝም አልናገርም።»

ጋሽ ሸምሱ ጢማቸውን አሻሹ። «ይሰጣት» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ለእድሩ ሞታለች ማለት ነው።»

እናም ሟቿን ወንዶቹ በጋቢ ሸፍነው፣ በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል ወደሚወስደው አውቶቡስ ወረዱ፤ እኛም ከኋላ ተከተልን። ዋናው መንገድ ላይ አንድ ከገበያ የሚመለሱ አዛውንት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ነፍስ ይማር» አሉ።

ከጋቢው ሥር ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ «አሜን። ሥጋዬንም ጭምር።»

አዛውንቱ ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ባርኔጣቸውን መልሰው ያጠለቁ አይመስለኝም።

ማርታ ድና ተመለሰች። ዛሬም ቡናዋን ትለቅማለች፤ የእድር መዋጮዋንም ታዋጣለች፤ ለሟች ይህ ብርቱነት ነው። እድሩም «ደንቡ ይለወጥ፣ አይለወጥ» እያለ አንድ እሑድ ሙሉ ሲከራከር ዋለና ደንቡ እንዳይነካ ወሰነ። ብቻ ከእንግዲህ በጠና የታመመ አባል እስኪሻለው ድረስ እንደሞተ ይቆጠራል። ባሕር ማዶ ለሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ የሚባል ነገር እንዳለ አንብቤአለሁ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ግን የትም አልገጠመኝም። ወዲያው አባል ሆንኩ።

በዚህ ክረምት ወባ ይዞኝ ተኛሁ። ጋሽ ሸምሱ ሊጠይቁኝ መጥተው ግንባሬን ዳሰሱና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«አይዞሽ ልጄ፤ ካስፈለገ ሞታለች እንላለን።»

እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በሰላም ተኛሁ።