ዳገት ላይ የሚነሳ ሞተር

በዚህ አገር መኪና ብቻውን ተበላሽቶ አያውቅም። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ከች ይላል። ማንም አልጠራውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም፤ ችግሩን ግን ያውቀዋል! ሰበታ ብትሉ ሱሉልታ፣ ይህ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የቡራዩው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ፤ ሊቀ ሞተር ጋሽ ዱባለ!

ጋሽ ዱባለ የባሕር ዛፍ አጣና ነጋዴ ናቸው። ከአህያ በስተቀር ምንም ነድተው አያውቁም። ይሁን እንጂ የቆመ ሞተር ባዩ ቁጥር ኮታቸውን አውልቀው አጠገባቸው ያለውን ሰው ያሸክሙና ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ይለጥፋሉ። «ዝም በሉ! እየነገረኝ ነው!» አንድ ጊዜ የወፍጮ ቤቱን ሞተር «ሳንባው ነው» ብለው ፈትተውት ሰፈሩ ሁሉ እህሉን ሆለታ ወስዶ አስፈጭቷል። የቄሱን ሞተር ሳይክል ካከሙት ወዲህ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጡሩምባው ይጮኻል። እሳቸው እቴ! «ምን አልኩ? ተናገረ አይደል?»

ገለቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ በሁለት ሺህ ስምንት፣ በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን፣ ከገፈርሳ ማዶ ወተት ጭና ስትመለስ ባለ አራት ጎማ ሞተሯ አስፋልቱ መሀል ቀጥ ሲልባት፣ መጀመሪያ የደረሱላት እሳቸው መሆናቸውን አይታ «አምላኬ፣ የዛሬን ተወኝ!» አለች።

ማስነሻውን ስትጫነው ጠቅ ይላል፤ ሌላ ምንም። በከተማው በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል። መንገድ ላይ የቆመ ተሽከርካሪ ሁሉ በሰልፈኞቹ ልጆች እየነደደ ነው ተብሏል። ይሄ ደግሞ ሞተር ብቻ አይደለም። የአባቷ የገብስ ማሳ ለ«ልማት» ሲወሰድ በተሰጣቸው ካሳ የተገዛ ነው። አንዳንዴ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ መሪውን ይዛ የዚያ ማሳ አፈር ይሸታታል።

«ባትሪው ነው!» አሉ ጋሽ ዱባለ ኮታቸውን እያወለቁ። ጆሯቸውን ለጠፉ። «አይ፣ ሽቦው ነው!» እንደገና ለጠፉ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አብልተሽው ነው?»

«ጋሽ ዱባለ፣ እባክዎ! ልጆቹ እየመጡ ነው!»

መጡም። ድንጋይ የያዙ፣ እየዘፈኑ የሚሮጡ ወጣቶች አስፋልቱን ሞሉት። ከፊት የነበረው ጋሮማ የሚሉት ጎረምሳ ጎማውን በእግሩ መታ አደረገ።

«የማን ነው? የመንግሥት ነው?»

«የእኔ ነው!» ብላ ጮኸች ገለቴ። «መሬታችንን ወስደው የሰጡን ይሄን ነው! ካቃጠላችሁት እኔንም ጨምሩኝ!»

ጋሮማ እግሩን ከጎማው ሰበሰበ። ከኋላው ያሉት ግን አልሰሙም፤ አንዱ እንዲያውም «ክብሪት አለኝ!» እያለ ነው።

ይሄኔ ጋሽ ዱባለ ኮታቸውን ጋሮማ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። «ምን ትገተራላችሁ? ሊነሳ እኮ ነው! ትንሽ ነው የቀረው! ግፉ! ዺባ! ዺባ!»

«ሊነሳ ነው» ተብሎ የማይገፋ ሰው በዚህ አገር አልተፈጠረም። ድንጋዩ ሁሉ መሬት ወረደ፤ እጅ ሁሉ ብረቱ ላይ አረፈ። ጋሽ ዱባለ ግን የጠቆሙት ወደ ገለቴ ግቢ የሚወስደውን የኮረኮንች ዳገት ነበር።

«ኦቦ ዱባለ፣ ቁልቁል አይሻልም?» አለ ጋሮማ።

«ቁልቁልማ ሰነፍ ሞተር ነው የሚነሳው! ዺባ!»

ወጡት! እየዘፈኑ፣ እየተሳሳቁ፣ በየመሀሉ «ሰማችሁት? ሳል አለ!» እየተባባሉ ዳገቱን ወጡት! ወተቱ በጀሪካኑ ውስጥ እየተንቦጫረቀ፣ ገለቴ ትሳቅ ታልቅስ ሳታውቅ፣ በሩን አልፈው ግቢ ገቡ። ማስነሻውን ተጫነችው። ጠቅ። ሌላ ምንም።

«ደክሞት ነው» አሉ ጋሽ ዱባለ።

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሮማ ኮቱን አልብሷቸው፣ ሁሉም ተንጋግተው ወደ አስፋልቱ ወረዱ።

ገለቴ በሩን ቀረቀረች። «ጋሽ ዱባለ፣ ይሄ ሞተር እኮ በቀበቶ የሚሄድ ነው። አገር ቢሰበሰብ ተገፍቶ አይነሳም።»

ሊቀ ሞተር ግራ ቀኛቸውን አዩ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «እሱን መች አጣሁት? አይነሳም ብላቸው ማን ይገፋልሽ ነበር?» ወዲያው ኮታቸውን መልሰው አወለቁ። «በይ፣ አሁን ደግሞ ከልብ ልየው።»

ከፈቱት መልሰው እንደማይገጥሙት እርግጠኛ ናት። ቤት ገባች፤ ካቻቢቴውን አምጥታም በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።