ጋሽ ሃይለአብ በሃያ ሁለት ፈረስ ሣር ላይ የዘመቱበት የባለ አራት ጫማው ማጨጃ ዜና

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለሃይለአብ። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ታዲዎስ በመንበሩ በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ውኃ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ብቅ በምትልበት ዘመን፣ የካዛንቺስ እኩሌታ በቆርቆሮ ታጥሮ እኩሌታው የሚታጠርበትን ቀን በሚጠብቅበት ወራት፣ የእድሩ ንብረት ክፍል ሹም፣ የሁለት መቶ አርባ ወንበር ጠባቂ፣ የብረት ድስትና የጭልፋ ሁሉ ባለ አደራ፣ ከአንድ ከጎደለ ካስማ በቀር የድንኳን ካስማ ሁሉ አዛዥ የሆኑት ጋሽ ሃይለአብ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ተነሥተው ሣር ላይ ዘመቱ። ይህን የምጽፍ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ተከስተ ነኝ፤ ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍኩ፣ የሰማሁትን ግን ጥቂት አሳምሬዋለሁ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከኡራኤል ወደ ባምቢስ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ እድራችን የቆየ ሜዳ አለው። በዚህ ሰፈር ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የተሠሩ ስለሆኑ ድንኳን የሚያስተክል ደጅ ያለው ከአሥር ቤት አንዱ ነው፤ የቀረነው ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የምንቀመጠው በዚሁ ሜዳ ነው። ጋሽ ሃይለአብም በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሉሊን ቀብረው ሲመለሱ፣ ሦስት ቀን የተቀመጡት እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሜዳውን አንድ ጊዜ ሳይዞሩ ቁርስ አይቀምሱም።

በዚያ ክረምት ግን ዝናቡ አላባራ ብሎ ሣሩ የሰው ደረት ደረሰ፣ በውስጡም እሾህና ቁጥቋጦ በቀለ። አባላቱ አንድ እሑድ ማጭድ ይዘው ዘምተው፣ ሲመሽ ያጨዱት ቢታይ ሁለት ወንበር የሚያስቀምጥ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ወገቡን አመመው። ከዚህ በኋላ ከመሬት ጉዳይ የመጡ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ። ወረቀቱም ቦታው ጦም ያደረ ሆኖ ስለተገኘ እስከ መስከረም አሥራ አምስት ቀን ጸድቶ በአገልግሎት ላይ ካልታየ ለመኪና ማቆሚያ እንደሚሰጥ ያውጅ ነበር። ጋሽ ሃይለአብ ይህን ባነበቡ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አነበቡት። እጅግ አዘኑ፣ እኔም አዘንኩላቸው።

በእድሩ ግምጃ ቤት አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረች። ከዓመት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ንብረቱን ለሰፈሩ እድሮች ሲያድል፣ ሌሎቹ ኮምፒውተርና ሶፋ ሲሻሙ፣ ጋሽ ሃይለአብ በወጣትነታቸው በቆላ እርሻ ትራክተር ነጂ ስለነበሩ ይህችኑ መርጠው እየነዱ ወደ ቤት ገቡ። ጉልበቷ የሃያ ሁለት ፈረስ ነው። በእነዚህ ሃያ ሁለት ፈረሶች እድራችን ዓመት ሙሉ ድስት ሲያጓጉዝ ኖረ፣ ሰፈሩም ትራክተሯን «ፍየሏ» ብሎ ሰየማት። ጋሽ ሃይለአብ ስሙን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። አሁን ግን ከኋላዋ የሚታሰር የዱር ሣር ማጨጃ ቢገዛላት ሜዳው እንደሚድን ተናገሩ፣ ኮሚቴውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ሰማቸው።

ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን እሑድ ጉባኤ ይጠራ ዘንድ ታዘዘ። ጡሩምባ ነፊው ምንዳዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሞት በቀር ሌላ ነገር ለፍፎ የማያውቅ ሰው ነውና፣ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ በዚያው በለመደው የሐዘን ድምፅ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «የእድር አባላት የሆናችሁ፣ በሜዳችን ሣር ምክንያት ሦስት ሰዓት ላይ ትገናኙ ዘንድ።» ሕዝቡም ጡሩምባውን እንጂ ቃሉን ስላልሰማ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ አልቅሰው ጨርሰው ነበር። የሞተ ሰው እንደሌለ ሲነገራቸው ጥቂት ቅር አላቸው፤ ቢሆንም ከመጡ አይቀር ብለው ተቀመጡ።

አቶ ታዲዎስም ቆመው ዐወጁ፦ «የወሎ ሰፈሮቹ እድር ባለ አምስት ጫማ ማጨጃ ገዝቷል ተብሏል። ማለቴ፣ እነሱ አምስት ከገዙ እኛ ስድስት ነው። ድንኳናችን ከነሱ ይሰፋል፣ ማጨጃችንም ይስፋ፤ በቃ።» ጫማ ማለት ከሠላሳ ሳንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ የፈረንጅ ልክ ነው፤ ይህንን ከጉባኤው ብዙው አያውቅም ነበር፣ ነገር ግን ስድስት ከአምስት እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቅ ነበርና ተጨበጨበ። ጋሽ ሃይለአብም በተራቸው ዐወጁ፦ «እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ትራክተሯን እንያት። አቅሟ አራት ነው። ከዚያ በላይ ከጫንባት ሣሩ መሐል ትቆማለች፣ እኛም እንቆማለን።» ይህ አዋጅ አልተጨበጨበለትም።

የበሩ ስፋት ይለካ በተባለ ጊዜ የተላኩት ገንዘብ ያዥዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ ነበሩ። እኚህ ክብርት ሴት ባምቢስ አጠገብ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ የድንኳን ሸራም ሲገዛ ሃያ ዓመት ሙሉ በክንዳቸው የለኩልን ናቸው። ክንዳቸው አጭር መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለሚያከብራቸው ግን ማንም አያነሣውም። በሩ በእሳቸው ክንድ አራት ሆነ። እኔም አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ነው ብዬ በመዝገቡ ላይ ሁለት ሜትር ጻፍኩ። ስድስት ጫማ ደግሞ ከሁለት ሜትር ያንሳልና ማጨጃው በወረቀት ላይ ያለ ችግር ገባ። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ስድስታችን እጃችንን ለስድስት ጫማ አወጣን። እኔም አውጥቻለሁ፤ መደበቅ አልፈልግም።

ጳጉሜን አምስት ቀን ቅዳሜ ሠራዊቱ ከኡራኤል ተነሣ። በተከራየነው የኮንትራት ሚኒባስ ፊተኛው ወንበር ላይ ሊቀ መንበሩ፣ በቀኝ ክንፍ ገንዘብ ያዥዋ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ በግራ ክንፍ ሁለቱ ኦዲተሮች፣ መሐል ላይ ምንዳዬ ጡሩምባውን ይዞ፣ ለምን እንደያዘው ሳይታወቅ፣ በደጀን ደግሞ እኔ ከነመዝገቤ፣ ከሁሉ ኋላ ትርፍ ወንበር ላይ ጋሽ ሃይለአብ ኪሳቸው ውስጥ አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዘው ተሳፈሩ። በመስቀለኛው መንገድ አርባ ደቂቃ ከቆምን በኋላ፣ ከወሎ ሰፈር ወዲህ ባለ አንድ የእርሻ መሣሪያ ሱቅ ደጅ ሰፈርን። በሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በቀይ ተጽፎ ነበር። ጋሽ ሃይለአብ ያን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

የሱቁ እመቤት ኢኽላስ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ነበረች። ጉዳያችንን ሰምታ ከባንኮኒው ኋላ ዐወጀች፦ «ጋሼ፣ ሳይዙን የሚወስነው ትራክተሩ ነው። ለአንድ ጫማ አምስት ፈረስ አስቡ። ሃያ ሁለት ከሆነ አራቱን ውሰዱ፣ ስድስቱ ይከብዳችኋል፤ የምሬን ነው።» ይህ ቃል በኮሚቴው ላይ ታላቅ ጥርጣሬ ጣለ። ትንሹን ውሰዱ የሚል ነጋዴ ከመካከላችን ያየ ስላልነበረ፣ ጥግ ላይ ቆመን ተመካክረን፣ ስድስቱን ለዘመዷ ብትደብቀው ነው ስንል ወሰንን። አቶ ታዲዎስም ስድስቱ ባስቸኳይ ይጫን ብለው ዐወጁ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽም የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈቱ።

በዚያች ሰዓት ጋሽ ሃይለአብ ሲባጎውን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለት ቋጠሮ ነበረበት፤ አንዱ የትራክተሯን ጎማዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሁለተኛው የበሩን ስፋት የሚያሳይ። በባለ ስድስቱ ላይ ዘርግተው ሲያዩት የማጨጃው ብረት የበሩን ቋጠሮ አልፎ ከስንዝር በላይ ተረፈ። አንደኛው ኦዲተር ሲባጎ በዝናብ እንደሚያጥር ዐወጀ፣ ሌላኛውም ደገፈው። እኔ ግን ያን ጊዜ የወይዘሮ ሙሉነሽን ክንድ ተመልክቼ፣ መዝገቤን ተመልክቼ፣ የሠራሁት ነገር ገባኝ። የእሳቸው ክንድ አጭር ነው ብል የሃያ ዓመት የሸራ ሒሳብ ሁሉ ሊነሣ ነው፤ ዝም ብል ሜዳው ሊሄድ ነው። እንደ ፈሪ መዝገቤን ዘጋሁ።

ጋሽ ሃይለአብም ሲባጎውን ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጀግንነታቸውም በእኔ ዘንድ ይህ ነው። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ ዐወጁ፦ «ሲባጎው ይቅር። በሩን የለኩት ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት የኔ ገመድ ምን ያደርጋል? ማጨጃውንም በዚያው በክንድዎ ይለኩልን።» ወይዘሮ ሙሉነሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከብረቱ ጫፍ ጀምረው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ሲቆጥሩ ገና ከግማሽ ክንድ የበለጠ ብረት ቀርቶ ነበር። ቀና ብለው ጋሽ ሃይለአብን ጥቂት አዩዋቸው። ከዚያም ያለ ማመንታት ዐወጁ፦ «በኔ ክንድ አይገባም። ይሄ አይገዛም።» የቦርሳውንም ዚፕ ዘጉት። ያን ዚፕ ያዩ ሁሉ ክርክሩ ማለቁን ዐወቁ።

አቶ ታዲዎስ ግን የወሎ ሰፈርን ነገር ከልባቸው ሊያወጡት ስላልቻሉ፣ ቢያንስ ከነሱ ጋር እኩል እንሁን ብለው ባለ አምስቱ እንዲለካ አደረጉ። እሱም ጣት በማትሞላ ትርፍ ለበሩ ልክ ሆነ። ጋሽ ሃይለአብ መለሱ፦ «በሩስ ያስገባዋል። ግን አምስት ጫማ ሃያ አምስት ፈረስ ይፈልጋል፣ እኛ ሃያ ሁለት አለን። ሦስቱን ፈረስ አባላቱ ያዋጡ?» እድራችን ያላዋጣው ነገር ስለሌለ ኮሚቴው ለጥቂት ጊዜ በዚህም አሰበበት። አቶ ታዲዎስም ተቆጥተው፣ እንዲህ ከሆነማ ባለ ሦስቱ ይወሰድና እንገላገል አሉ። ጋሽ ሃይለአብ ግን ሲባጎውን እንደገና አውጥተው የጎማዎቹን ቋጠሮ እያሳዩ እንዲህ ሲሉ የመጨረሻውን አዋጅ ተናገሩ፦ «ከጎማዋ ካነሰ ደግሞ የረገጠችውን ሣር ሳታጭድ ትታው ትሄዳለች፤ የተረገጠ ሣር በማግሥቱ ይነሣል። አራቱ ጎማዋን ይሸፍናል፣ ሃያ ፈረስ ይበቃዋል፣ የተረፉት ሁለቱ እኔን ይሸከሙኛል።» ኢኽላስ ሳቀች፣ ወይዘሮ ሙሉነሽም ሳቁ፣ በመጨረሻም ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ፈገግ አሉ። ባለ አራት ጫማው ማጨጃ ተገዛ።

ጳጉሜን ስድስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ በምትመጣው ቀን፣ ማጨጃው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ከዚያ በዓሉም ዝናቡም ተጨምሮ እስከ መስከረም አሥራ ሁለት ያዘን፤ በእነዚያ ቀናት ጋሽ ሃይለአብ እንቅልፍ እንዳልነበራቸው ዓይናቸው ይናገር ነበር። መስከረም አሥራ ሦስት ቀን ቅዳሜ፣ በዘመነ ዮሐንስ መባቻ፣ ፀሐይ ወጣች። ጋሽ ሃይለአብ የቆላውን ባርኔጣቸውን ደፍተው ፍየሏን አስነሡ፤ ከግራና ከቀኝ ስንዝር ስንዝር እየተረፋቸው በበሩ አለፉ፤ ሃያ ሁለቱም ፈረሶች ጮኹ። ሣሩ በፊታቸው ቆሞ ጠበቃቸው፣ በኋላቸው ተኝቶ ቀረ። እሾሁም ቁጥቋጦውም ታጨደ፣ ጠፋ ተብሎ ሁለት ጊዜ በእድሩ ጉባኤ የተከሰስንበት የድስት ክዳንም ከሣሩ ጉያ ተገኘ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሳይወርዱ ነዱ፣ ምንዳዬም ጡሩምባውን ለደስታ ሊነፋው ሞክሮ ያው የሐዘን ሆኖበት ተወው።

ነገር ግን በሜዳው መሐል የበርጩማ ስፋት ያህል ሣር ሳይታጨድ ቀረ። ጋሽ ሃይለአብ እዚያ በደረሱ ቁጥር ማጨጃውን ከፍ አድርገው በዝግታ ይዞሩታል። አቶ ታዲዎስ ከጥላው ሆነው ዐወጁ፦ «ጋሽ ሃይለአብ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ቀርቶብዎታል።» እሳቸው ግን ማጨጃውን ከፍ አድርገው እንደገና ዞሩት። እኔ ሄጄ ሣሩን በእጄ ገለጥ ባደርገው አንድ የብረት ካስማ መሬት ውስጥ ተተክሎ አገኘሁ፤ አናቱ በመዶሻ ብዛት ጎብጧል። በዘጠና ስምንት የወይዘሮ ሉሊ ድንኳን ሲነሣ አልነቀል ብሎ የቀረው ነበር። በንብረት መዝገቡ ላይ ጎደለ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የት እንዳለ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየጎበኙት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መስከረም አሥራ አምስት ቀን ሁለቱ የመሬት ጉዳይ ሰዎች ሲመጡ፣ ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ጠርቶ፣ ለዓመቱ ጉባኤ ትልቁ ድንኳን ተተክሎ፣ ከገመዶቹ አንዱ በዚያ ካስማ ላይ ታስሮ አገኙ። በበሩ ላይ የለጠፉትንም ወረቀት ራሳቸው ቀደዱት።

እነሆ ሃይለአብ፣ የሣር ድል ነሺ፣ የሃያ ሁለት ፈረስ ጌታ፣ ከልኩ ያላለፈና ከልኩ ያላነሰ፣ ሰውን ሳያሳፍር ያሸነፈ፤ ስሙ ከኡራኤል እስከ ወሎ ሰፈር ይነገር፣ ፍየሏም ነዳጅ አትጣ፣ ቢላዋዋም ከድንጋይ ይጠበቅ። ለስድስት ጫማ የወጣች ይህች እጄም በዚያው ማታ የንብረት መዝገቡን ከፍታ፣ «የብረት ካስማ አንድ፣ ጎደለ» የሚለውን ሰርዛ፣ «በቦታው አለ» ብላ ጻፈች።