ዲዳዋ የሙሽራ መኪና

እኔ ብዙ አላወራም። ይህን ከባለቤቴ ከአሰገደች በላይ የሚያውቅ የለም። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? በዚህችው ተረት ተደግፌ አረጀሁ። መኪና ዝም ሲል ግን ሌላ ነገር ነው።

የክርስትና ልጄ ምሕረት ልትዳር ነው። አባቷ በሕይወት የለም። «ከአባቴ ቤት በአባባ መኪና ካልሆነ አልወጣም» ብላ ምላለች። አባባ እኔ ነኝ፤ መኪናዋም አሮጌዋ ፒክአፔ። የወንዱ ወገን ስድስት መኪና ይዞ ይመጣል። መቼም የጅጅጋን ሰርግ ታውቁታላችሁ፤ ያለ ክላክስ አጀብ ከቀብር በምን ይለያል? እንዳላሳፍራት ብዬ ፒክአፗን ነጭ አስቀባኋት። ቀቢው አፍንጫዋን ሳይቀር ፈታትቶ ቀባ። እኔም አጠገቡ ቆሜ «እዚህ ጋ ቀረህ» እለው ነበር።

ለሰርጉ አንድ ቀን ሲቀረው የሙሽራው ሚዜ ሊያያት መጣ። «አባባ፣ አምራለች። እስቲ ድምጿን ያሰሙን» አለ። ተጫንኩት። ዝም። «ቆንጆ ናት፤ ዲዳ መሆኗ ነው እንጂ» ብሎኝ ሄደ። ምሕረት በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ምንም አላለችም። እሷም እንደኔው ናት።

በቀጥታ ወደ አብዲ ነዳሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። አዴር ይለኛል፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት። አንተ እያለ ነው የሚያወራኝ፤ አክብሮቱ አዴር ውስጥ አለ። ፊውዙን ነቅሎ አየ፤ ደህና ነው። «ወላሂ አዴር፣ ክላክሱ ሞቷል። የከባድ መኪና ልግጠምልህ» አለ። በሙሽራ መኪና ላይ የከባድ መኪና ጩኸት?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን እሰማለሁ። ተጫነው አልኩትና ጆሮዬን ወደ ፊውዙ ሳጥን አስጠጋሁ። ጠቅ አለ። ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው። ክላክሱን አስፈታሁት፤ በሽቦ ከባትሪው ጋር ሲያገናኘው ከመጮኹ የተነሳ ማዶ ያለችው ጫት ሻጭ ረገመችን። መልሰን ስናስረው ዝም። በእጅ ሲይዙት የሚድን፣ ቤቱ ሲገባ የሚሞት ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ጎንበስ ብዬ ቤቱን አየሁት። ብሎኑ የሚታሰርበት ብረት ነጭ ሆኗል፤ ወተት የመሰለ። ያው «እዚህ ጋ ቀረህ» ያልኩበት ነው። ክላክስ አንድ ሽቦ ብቻ ካለው የኤሌክትሪኩ መመለሻ የመኪናው ብረት ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መንገዱን በገዛ አፌ አስቀብቼ ዘግቼዋለሁ። አንዴ ብናገር እንዲህ ሆነ!

ቢላዬን አውጥቼ ቀለሙን የሳንቲም ያህል ፋቅሁ። ታሰረ። ተጫንኩት።

አብዲ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሳቀ። «አዴር፣ ከዛሬ ጀምሮ ጋራዡ ያንተ ነው» አለ።

እሑድ ሙሽሮቹን ከኋላ ወንበር፣ አሰገደችን ከጎኔ አስቀምጬ ፊት ፊት ነዳሁ። ስድስቱም መኪና ከኋላዬ። እጄን ከክላክሱ ላይ አላነሳሁም። ባጃጆቹ ጥግ ያዙ። ሚዜው መኪናውን ከጎኔ አስተካክሎ በመስኮት «አባባ፣ ሰምተናል፤ ይብቃ» አለ። እኔ አልሰማሁትም። ምሕረት ከኋላ በቬሎዋ ተሸፍና ትስቃለች። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬ መኪና አልነበረውም።

አሰገደች ዞር ብላ አየችኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምከው ወሬ ይኸ ነው?» አለች።

መለስኩላት። በክላክስ።