የአቶ ደመላሽ ዋስ

ለዘመድ ዋስ የሚሆን ሰው የዋህ ነው። ለጓደኛ ዋስ የሚሆን ሰው ጅል ነው። ለምርጫ ተወዳዳሪ ዋስ የሚሆን ሰው ግን... እኔ ነኝ!

አትሳቁ እንጂ! እናንተም ያን ሁሉ ጭብጨባ ብትሰሙ ከዚህ የባሰ ታደርጉ ነበር። በምርጫው ሰሞን ተወዳዳሪው አቶ ደመላሽ፣ ጣና ዳር ከምንኖረው ጋር ሊነጋገሩ ወደ ሰፈራችን መጡ። ዓሣ አጥማጁም ጀልባ ሠሪውም ወጥቶ ተቀመጠ። መንገድ አሉ፣ መብራት አሉ፣ ውሃ አሉ (ጣና ዳር ቆመው ውሃ!)። እኔ ዐርፌ መቀመጥ ስችል እጄን አወጣሁ።

«መንገዱስ ጥሩ ነበር» አልሁ፣ «ግን በመንገዱ ስንሄድ አፍሰው ቢወስዱንስ? ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይያዝ፣ ቢያዝም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ይታገሉልናል ወይ? ቃል ይግቡልን!»

እልልታው ቀለጠ! ጭብጨባውማ... ምን ልበላችሁ፣ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። አቶ ደመላሽም ደረታቸውን መትተው «ቃል እገባለሁ!» አሉ።

ይኼኔ ጀልባ ሠሪው ሐጂ ሙሄ ብድግ አሉ። «ቃሉስ ሸጋ ነው። ዋሱ ማነው?»

አቶ ደመላሽ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሌላ የሳቀ የለም። «እኛ ዘንድ» አሉ ሐጂ፣ «ሽማግሌ ፊት ቃል የገባ ሰው ዋስ ይጠራል። ቃሉን ጥሎ ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል።»

ተወዳዳሪው ወደ አጃቢዎቻቸው ዞሩ። አጃቢዎቹ ጣናን ዛሬ ገና ያዩት ይመስል ሁሉም ዐይናቸውን ሐይቁ ላይ ተከሉ። «ጠያቂው ይሁናቸዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ጭብጨባው ገና ከጆሮዬ አልወጣምና «እሆናለሁ!» አልሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ትዕግሥት (ስሟ ነው፣ ጠባይዋ አይደለም) ፊቴን አይታ፣

«ምን ሆነህ መጣህ?» አለችኝ።

«ዋስ።»

«ለማን?»

«ለአቶ ደመላሽ...»

«ወንድሜ ሥራ ሊቀጠር ዋስ ሁነኝ ቢልህ፣ በዚህ ዘመን ሰው አይታመንም ያልኸው ሰውዬ! ለፖለቲከኛ?!»

የዚያን ቀን እራቴን እኔው አቀረብሁ።

አቶ ደመላሽ ተመረጡ። ስልካቸውም አብሯቸው የተመረጠ ይመስል ለእኛ ለተራዎቹ መጥራት አቆመ። አንድ ማለዳ ቁርሴን ስቀማምስ ሐጂ ሙሄ በሩን አንኳኩ። ልጃቸው ሰይድ፣ ከጣና ማዶ ደልጊ ጀልባ አድርሶ ሲመለስ ከወደቡ ላይ ተይዞ ኖሯል። ለምን እንደተያዘ የነገራቸው የለም፤ ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ዳኛ አላየም።

«በል ለሰውየህ ደውል» አሉኝ።

ደወልሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» አለች ያች ልጅ። ደግሜ ደወልሁ። እሷው ናት!

«ባለቃሉ ሲጠፋ ማን ይያዛል?» አሉ ሐጂ።

«ዋሱ...» አለ አፌ፣ እኔን ሳያማክር።

«በል ተነሥ ልጄ። ተይዘሃል።»

ወስደው ጀልባ ከሚሠሩበት ግቢ፣ ገና ያላለቀች ጀልባ ውስጥ አስቀመጡኝ። በክፉ የነካኝ የለም፤ እንዲያውም የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ከነሚጥሚጣው ቀረበልኝ። ለትዕግሥት ደወልሁ።

«ታስሬያለሁ!»

«ምሳ በልተሃል?»

«ቆሮሶ ሰጥተውኛል።»

«እንግዲያው እዚያው ቆይ።»

ጉድ በሉ! ጀልባዋ ላይ ቆሜ ጮኽሁ። «ኧረ ይኼ ሕገ ወጥ ነው! የፍርድ ቤት ትእዛዛችሁ የታለ?»

«ጎበዝ!» አሉ ሐጂ፣ መላጊያቸውን ሳያስቀምጡ። «ድምፅህን ከፍ አድርገው። ሰይድም የሚለው ይኸንኑ ነው፤ የሚሰማው አጣ እንጂ።»

እናንተዬ፣ ቁጭ አልሁ። ሳያቸው መላጊያው እንጨቱ ላይ ነው እንጂ አይላግም፤ ዐይናቸው መንገዱ ላይ ቀርቷል። አፈርሁ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ስለ መብት ስደሰኩር የማስበው ጭብጨባውን ነበር እንጂ የማንንም ልጅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ልቀቁኝ አላልሁም። ጩኸቱን ግን አባስሁት! «የአቶ ደመላሽ ዋስ ነኝ! ሰውየውን ጥሩልኝ!» እያልሁ አላፊ አግዳሚውን አስቆምሁት። ወጣቶቹ በስልካቸው ቀረጹኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ መራዊ ድረስ ታይቻለሁ አሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት መኪና አቧራዋን አስነሥታ መጣች። አቶ ደመላሽ ገና ከመውረዳቸው፣

«ሐጂ! እንዴት ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይይዛሉ? ሕግ የለም እንዴ በዚህ አገር?!»

ሐጂ ሙሄ መላጊያቸውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን አራገፉ። «ወላሂ፣ እንዴት ያለች ሸጋ ቃል ናት! እዚህ አይጨርሷት ጌታዬ። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ይዘዋት ይሂዱልኝ፤ እኔም አብሬዎት ልሂድ።»

ሄዱ። በማግሥቱ ሰይድ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛዋ «ይኼን ልጅ በምን ያዛችሁት?» ብትል መዝገቡ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ተለቀቀ። ሐጂ አቅፈውት እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ትዕግሥትም አለቀሰች፤ ኋላ «ላንተ አይደለም» ብላኛለች እንጂ።

«እንግዲህ ሐጂ፣ እኔም ነፃ ወጣሁ አይደል?» አልኋቸው።

«ኧረ ልጄ! ሰውየው የተመረጡት ለአምስት ዓመት አይደል?» አሉና ወደዚያች ጀልባ እየጠቆሙ፣ «እሷንማ ለማንም አልሸጣትም» አሉኝ።

ትናንት በዚያ ባልፍ ጥላ ሠርተውላታል። መቀመጫዋንም ስፖንጅ አልብሰውታል። ስለዚህ አቶ ደመላሽ፣ በሞቴ፣ ስልክዎ ሲጠራ ያንሡ። ቆሮሶ ሰልችቶኛል!